ሹፌር መንገድ ላይ የሚበላውና የሚጠጣው፦ ልዩነቱን ማን ይከፍላል?

የሹፌሮች ገቢ በተነሳ ቁጥር የቁጥር ጭቅጭቅ ይከተላል። አንዱ የቀን ገቢያቸውን ጠርቶ "ይህን ያህል እያገኙ ምን ጎደላቸው?" ይላል። ሌላው ነዳጁን፣ ጥገናውን፣ ኪራዩን እየቀነሰ "ታዲያ ምን ተረፋቸው?" ብሎ ይመልሳል። በሁለቱም ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገባ ወጪ አለ። ቁርሱ፣ ምሳው፣ ውሃው፣ ቡናው። ይህ ወጪ ሲነሳም በወቀሳ መልክ ነው። "በልተው ነው የሚጨርሱት" ይባላል። "ለምን ከቤት ይዘው አይወጡም?" የሚልም አይጠፋም።

ሁለቱም አባባሎች ወጪውን የሹፌሩ የግል ባህርይ ያደርጉታል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የወጪውን መጠን በዋናነት የሚወስነው ጊዜ ነው። መቼ ይቆማል? የት መቆም ይችላል? ለስንት ደቂቃ? የቆመበት ጊዜስ ይከፈለዋል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ እጅ አይደለም።

## "ስንት ያወጣሉ?" ለሚለው መልሱ ለምን ይምታታል

የመጀመሪያው ችግር ወጪው ከምን ላይ ይሰላል የሚለው ነው። ለምሳሌ የአንድ ሹፌር የቀን ገቢ 100 ነው እንበል። ነዳጅ 40 ወሰደ። የመኪና ኪራይና ጥገና 30 ወሰደ። የቀረው 30 ነው። ከዚህ ላይ ለምግብና ለመጠጥ 9 አወጣ። ከጠቅላላ ገቢው ጋር ሲተያይ 9 በመቶ ነው፤ ብዙም አያስደነግጥም። ከሁሉም ወጪ በኋላ ከቀረው 30 ጋር ሲተያይ ግን 30 በመቶ ይሆናል። ምሳው ያው ምሳ ነው፤ የተለወጠው ማነጻጸሪያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሹፌር እያወሩ፣ አንዱ "ኢምንት ነው"፣ ሌላው "ገቢውን በላው" ቢሉ ሁለቱም አልዋሹም። ስለ ኑሮው ለሚጨነቅ ግን ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ሁለተኛው ነው።

ሌላው ችግር ወጪው የተበጣጠሰ መሆኑ ነው። ነዳጅ በአንዴ ይከፈላል፤ መጠኑም ይታወቃል። ምግብና መጠጥ ግን በትንሽ በትንሹ ነው የሚወጣው። ጠዋት ሻይ፣ ረፋድ ላይ ውሃ፣ ምሳ፣ ከሰዓት ቡና፣ ማምሻውን ለስላሳ። ለአብዛኛው ደረሰኝ የለም። ማታ ሲጠየቅ ምሳውን ማንም ያስታውሳል፤ ቅንጥብጣቢውን ግን ይረሳል። በቃል የሚነገረው ድምር ከእውነተኛው ቢያንስ አይገርምም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ጥያቄ ነው፦ ሰው ቤቱ ቢውልም ይበላ የለ እንዴ? አዎ፣ ይበላል። ስለዚህ የመንገዱን ምሳ በሙሉ "የሥራ ወጪ" ማለት ያስቸግራል። ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ በግሉ የሚሠራ አንድ አናጢ ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር ተካሰሰ። ቤቱ ቢበላ ምሳው 10 ፔንስ ይፈጅበታል። ሥራ ቦታ ሲበላ ግን 40 ፔንስ ያወጣል። ሰውየው ልዩነቱ፣ ማለትም 30 ፔንሱ፣ የሥራ ወጪ ተብሎ ይያዝልኝ አለ። ተረታ። ዳኛው ቴምፕልማን ሰው የሚበላው ለመኖር እንጂ ለመሥራት አይደለም የሚል ምክንያት ሰጡ።

ለግብር ሕግ ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። የአናጢው ስሌት ግን ለእኛ ጉዳይ ዋናውን ነገር ይዟል። መለካት ያለበት አጠቃላይ ወጪው ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ሹፌሩ ቤቱ ቢሆን ኖሮ ሊያወጣ ከሚችለው በላይ መንገዱ ስንት አስወጣው? ያ ትርፍ ወጪ ከሥራው የመጣ ነው። "ማን ይክፈለው?" ብሎ መከራከር የሚያስኬደውም በእሱ ላይ ነው።

## ልዩነቱን የሚፈጥረው ሰዓት ነው

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 561/2006 ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። እረፍቱን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ መጀመሪያ 15፣ ከዚያ 30 ደቂቃ አድርጎ። በአሜሪካ ስምንት ሰዓት የነዳ የጭነት መኪና ሹፌር 30 ደቂቃ ማረፍ አለበት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ደግሞ ከአራት ሰዓት በላይ ያለ እረፍት መንዳትን ይከለክላል። እነዚህ ደንቦች የወጡት ለመንገድ ደኅንነት ነው። ጎን ለጎን ግን የምግብ ሰዓትንም ይወስናሉ። ሹፌሩ የሚበላው ሲርበው ወይም ጥሩ ምግብ ቤት ሲያገኝ አይደለም። ሰዓቱ ሲሞላ ነው፤ የሚበላውም ሰዓቱ በሞላበት ቦታ ያለውን ነው።

የአሜሪካው ደንብ አንድ ተጨማሪ ጠመዝማዛ ነገር አለው። ሹፌሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ መንዳት የሚችለው በ14 ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ለምሳ ሲቆም ይህ ሰዓት አብሮት አይቆምም። የሚከፈለው በርቀት ከሆነ ደግሞ ምሳ ላይ የጠፋ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፤ አንዴ በምግቡ ሒሳብ፣ አንዴ ባልተነዳው መንገድ። እንዲህ ያለ ሹፌር በፍጥነት የሚቀርብ ምግብ ቢመርጥ አያስደንቅም። በችኮላ የሚገዛ ምግብ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከጥራቱ ይበልጣል።

ቦታውም ችግር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከጀርባ የሚጎተተው ሳጥን ብቻ 16 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ይዞ መንደር ውስጥ ገብቶ ርካሽ ምግብ ቤት መፈለግ አይታሰብም። የሚቆምበት ቦታ የተወሰነ ነው። በዚያው አገር ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1960 መጀመሪያ በኋላ በአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ላይ የተሠሩ የመንግሥት ማረፊያዎች ምግብ ቤት ሊኖራቸው አይችልም። በኋላ የተፈቀደው የመሸጫ ማሽን ብቻ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብለው ትልቅ መኪና ማቆም የሚችሉ ጥቂት የንግድ ቦታዎችን ይጠብቃል። ገዢ አማራጭ ሲያጣ ሻጭ ዋጋ ለመቀነስ የሚገደድበት ነገር አይኖርም። ከጎዳናው አጠገብ ያለ ውሃ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሚሸጠው ያው ውሃ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። እውነት ነው፣ ቀንና ሌሊት ክፍት ሆኖ መሥራት ለነጋዴውም ወጪ አለው። ቢሆንም ሁለቱ ምክንያቶች ተደምረው የሚያርፉት ገዢው ላይ ነው።

ከተማ ውስጥ የሚሠራው ሹፌር መልኩን የቀየረ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። በተለይ ምግብ የሚያደርስ ሰው ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ሌላው ሰው ምሳና እራት የሚበላበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቁጭ ብሎ መብላት ማለት የቀኑን ምርጥ ገበያ ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ምሳው ወደ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ይገፋል። እስከዚያ በጣፋጭና በመጠጥ ይቆያል። በመጨረሻ ሲበላም ከልክ በላይ ይበላል። ይህን የሆዳምነት ምልክት አድርጎ ማየት የሥራውን ጠባይ አለማወቅ ነው።

## መጠጡ፦ ለጥማት ሳይሆን ለንቃት

ለመጠጥ የሚወጣው ገንዘብ ለብቻው መታየት አለበት። ብዙ ሹፌር ቡና፣ ሻይ ወይም ኃይል ሰጪ መጠጥ የሚገዛው ስለጠማው አይደለም። እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው። በዚህ መልኩ ሲታይ ቡናው የሥራ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቅሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ረጅም መንገድ የሚነዱ ሹፌሮችን አነጻጽሯል። ንቁ ለመሆን ብለው ካፌይን ያለበት ነገር የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ አደጋ የማድረስ ዕድላቸው በ63 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ካፌይን በቡና፣ በሻይና በአንዳንድ ለስላሳዎች ውስጥ የሚገኝ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ቡና እንቅልፍን ይተካል ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ጂም ሆርንና ሉዊዝ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ሙከራ ጥሩ ውጤት ያመጣው የሁለቱ ጥምረት ነበር፤ 150 ሚሊግራም ካፌይንና ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ሸለብታ። ቡናው ገንዘብ ይፈልጋል። ሸለብታው የሚፈልገው ጊዜና ደህና ማቆሚያ ነው። ሹፌሩ ጊዜውን ሲያጣ በቡናው ላይ ቡና ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ያጣውን ጊዜ በገንዘብ ይገዛል።

ጭማሪው ደግሞ ወሰን አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ችግር እንደማያመጣ ገልጿል። አንድ ጠንከር ያለ ቡና 80 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ኃይል ሰጪ መጠጥም እንዲሁ። ስለዚህ አምስት ሲሞላ ወሰኑ ላይ ተደርሷል። ካፌይን ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ እዚያው ነው። ማምሻውን የተጠጣው ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል። ጠዋት ሹፌሩ ደክሞ ይነሳና ሌላ ይገዛል። ወጪው በየቀኑ ራሱን የሚደግመው በዚህ መንገድ ነው።

ስኳር ያለበት መጠጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ተመራማሪዎቹ አንደርሰንና ሆርን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ እንቅልፍ ያልጠገቡ ሰዎችን ፈትኗል። የጠጡት 42 ግራም ስኳርና 30 ሚሊግራም ካፌይን ብቻ ያለበት መጠጥ ነበር። እንቅልፋቸውን አልቀነሰላቸውም። እንዲያውም ወደ ሙከራው መጨረሻ ምላሻቸው ይበልጥ ዘገየ። ብዙ ሹፌር ግን "ጉልበት ይሰጠኛል" ብሎ የሚከፍለው ለእንዲህ ዓይነቱ መጠጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። አንዷ ትንሽ ጣሳ ኃይል ሰጪ መጠጥ ብቻዋን 27 ግራም ያህል ትይዛለች።

ውሃስ? ብዙ ሹፌሮች ሆን ብለው ውሃ ይቀንሳሉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ላይሆን ይችላል፤ ሽንት ቤት ፍለጋ መቆም ስለማይፈልጉ ነው። ለሴት አሽከርካሪ ችግሩ የበለጠ ይከብዳል። በእንግሊዙ ላፍቦራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሙከራ ውሃ ያነሳቸው ሰዎች በማስመሰያ መኪና ላይ የሠሩት ስህተት ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል፤ 47 የነበረው 101 ሆነ። ይህን ቁጥር ሰዎች ሲጠቅሱት የሚዘሉት ነገር አለ። የተፈተኑት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ከአሥር እምብዛም የማይበልጥ። ወጪውን የሸፈነው ደግሞ ስለ ውሃና ፈሳሽ መውሰድ ለማስተማር የተቋቋመ ድርጅት ነው። አቅጣጫውን መቀበል ይቻላል። ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ ግን አይገባም።

## ለሰውነት የሚከፈለው

ልዩነቱ በገንዘብ ብቻ አያልቅም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረገው ጥናት ረጅም መንገድ ከሚነዱት ሹፌሮች 69 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። በአገሪቱ ሠራተኞች በጠቅላላ ሲታይ ይህ 31 በመቶ ነበር። ምግብ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። መቀመጡም አለበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ሲያጠኑ፣ ቁጭ ብለው የሚውሉት ሹፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች የበለጠ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አይተዋል። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት የተለያየ ጤና። ለሕክምናው የሚወጣው ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣ በምሳው ዋጋ ውስጥ አይታይም።

## ማን ይክፈል?

አንዱ መንገድ የውሎ አበል ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ርቆ ሲውል ወይም ሲያድር ለምግብ የሚታሰብለት ቁርጥ ያለ ገንዘብ ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ከስምንት ሰዓት በላይ ከቤት ርቆ ለዋለ 14 ዩሮ፣ ሙሉ ቀን ለዋለ 28 ዩሮ ግብር ሳይነካው ሊከፈል ይችላል። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለትራንስፖርት ሠራተኞች በአገር ውስጥ ጉዞ በቀን 80 ዶላር እንዲታሰብ ፈቅዷል። ለሌላው ሥራ ከምግብ ወጪ ግማሹ ብቻ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ሲቀነስ፣ የመንዳት ሰዓታቸው በሕግ ለተገደበ ሹፌሮች 80 በመቶው ይቀነሳል።

ነገር ግን ይህ ለሁሉም አይደለም። በአሜሪካ ይህን ቅናሽ ከገቢው ላይ ማንሳት የሚችለው በግሉ የሚሠራው ሹፌር ነው። ተቀጣሪው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ይህ መብት የለውም። አሠሪው ካልከፈለው ልዩነቱን ከኪሱ ይሸፍናል። በእንግሊዝም አናጢው የተረታበት ፍርድ እንዳለ ሆኖ፣ ሥራቸው በጠባዩ ከቦታ ቦታ መዞር የሆነ የግል ሠራተኞች ተመጣጣኝ የምግብ ወጪ እንዲያዝላቸው ሕጉ ይፈቅዳል። በሁለቱም አገር ዋናው ጥያቄ ሹፌሩ ምን ተብሎ ተመዝግቧል የሚለው ነው። የሚበላው ምሳና የሚነዳው መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ምክንያት ከፋዩ ይለያያል። በመተግበሪያ የሚሠሩ ሹፌሮች "ሠራተኞች ናቸው ወይስ የግል ነጋዴዎች?" የሚለው ክርክር ምሳቸውንም የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

አበልን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ደካማ አይደለም። ቁርጥ ያለ ገንዘብ ሲሰጥ ሹፌሩ ላለመብላት ይገፋፋል። ያልተበላው ገንዘብ ለቤተሰብ ይተርፋላ። በዚህ ዓይነት አበሉ የደመወዝ ማሟያ ይሆናል። አሠሪም ይህን ያውቀዋል። መደበኛ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ አበሉን ከፍ ማድረግ ለሁለቱም ለጊዜው ያዋጣል፤ ግብር አይነካውምና። ጉዳቱ ዘግይቶ ይመጣል። ጡረታ የሚሰላው፣ ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚያየው፣ ሹፌሩ ሲጎዳ ካሳ የሚታሰበው በደመወዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ሌላ አገር ስለሚላኩ ሠራተኞች ባሻሻለው መመሪያ፣ ለጉዞ፣ ለምግብና ለማደሪያ የወጣን ወጪ ለመተካት የሚከፈል ገንዘብ እንደ ደመወዝ እንዳይቆጠር ያደረገው ይህን መደባለቅ ለማስቀረት ነው።

ከአበል ይልቅ ምግቡን ራሱን ወይም ደረሰኝ ላይ የተመሠረተ ክፍያ የሚመርጡም አሉ። ይህ ሹፌሩ በእርግጥ መብላቱን ያረጋግጣል። ችግሩ ርካሹ ምግብ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ በሌለበት መገኘቱ ነው። በእኔ እይታ አበሉ ቢቀጥል ይሻላል፤ ከደመወዙ ተለይቶ ከተጻፈና ምሳ የሚበላበት የተከፈለ ጊዜ አብሮት ካለ። ጊዜ የሌለው አበል ወደ ምሳነት አይለወጥም።

## በየቀኑ የሚያገኝ ሰው ስሌት

ገቢው በየቀኑ ለሚመጣ ሹፌር የምግብ ወጪ ሌላ መልክ አለው። ኢኮኖሚስቱ ኮሊን ካሜረርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የኒውዮርክ ታክሲ ሹፌሮችን መዝገብ መርምረው አንድ ነገር አሉ። ብዙዎቹ በቀን ይህን ያህል ካገኘሁ ይበቃኛል የሚል ግብ አላቸው፤ ገበያ ሲቀና ቶሎ ይገባሉ፣ ሲከፋ ያመሻሉ። ሌላው ኢኮኖሚስት ሄንሪ ፋርበር ግን በኋላ ብዙ መረጃ ይዞ ተቃወማቸው። በእሱ ግኝት ሹፌሮች ገበያ ሲቀና የበለጠ ይሠራሉ፤ ግቡም የሚባለውን ያህል አያስራቸውም። ክርክሩ በኢኮኖሚስቶች ዘንድ ረጅም ጊዜ ወስዷል።

ለምግብ ወጪ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይጠቁማሉ። የቀን ግብ ያለው ሹፌር ከሆነ፣ ምሳ ላይ ያወጣት ገንዘብ ግቡን ታርቀዋለች፤ ለእሷ ሲል ተጨማሪ ጉዞ ይሠራል። ግብ የሌለውና ገበያ ተከትሎ የሚሠራ ከሆነም በጥሩ ሰዓት ቁጭ ብሎ መብላት ይጎዳዋል። በሁለቱም ምሳው የሚለካው በጉዞ ነው። "ይቺ ምሳ የስንት ጉዞ ናት?" ብሎ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ምሳውን ቢሆን ምክንያት አለው።

## "ነፃ" ምሳ

በብዙ አገሮች ሕዝብ የሚያጓጉዝ ሹፌር ተሳፋሪ ይዞ ምግብ ቤት ሲቆም ራሱ በነፃ ይበላል። አንዳንዱ ጋ ረዳቱም ይጨመራል። ከውጭ ለሚያየው ወጪው የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። ምግብ ቤቱ በተሳፋሪዎች ሒሳብ ላይ ያካክሰዋል። ሹፌሩ የሚቆመው ደግሞ ለተሳፋሪው በሚሻለው ሳይሆን እሱን በሚያስተናግደው ቦታ ይሆናል። ነዳጅ ለሞላ ሹፌር የምግብ ነጥብ የሚሰጡ ማደያዎችም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚሠሩት። ነጥቡን የሚበላው ሹፌሩ ነው፤ ነዳጁን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ነው። ሹፌሩን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ አሠሪው ያልከፈለውን ልዩነት አንድ ሌላ ሰው መክፈሉ አይቀርም።

## ከቤት ይዞ መውጣትስ?

ያዋጣል። ለአጭር ፈረቃ ከማንኛውም አማራጭ የተሻለ ነው። ገንዘብ ይቆጥባል፣ የሚበላውም ነገር ይታወቃል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። አንዱ ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ እንዳይቀመጥ ይመክራል፤ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀዘቅዝ ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ የሁለቱ መካከል ነው፤ ባክቴሪያ የሚራባበት። ስለዚህ ምግብ መያዝ ማቀዝቀዣ መያዝን ይጠይቃል። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ላይ ይህ ይቻላል። በኪራይ መኪና ለሚሠራ ሰው ግን ማቀዝቀዣውም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ደረቅ ምግብ፣ ፍራፍሬና በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ነገር ቀላሉ መውጫ ናቸው።

ሌላው ምግቡን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ለሚወጣ ሹፌር ምሳ የሚሠራ ሰው ከዚያ በፊት መነሳት አለበት፤ ወይም ሹፌሩ ራሱ ከእንቅልፉ ይቀንሳል። ከእንቅልፉ ከቀነሰ መንገድ ላይ ተጨማሪ ቡና ይገዛል። ቁጠባው እዚህ ጋ ይሸራረፋል። ሳምንት ሙሉ ከቤት ርቆ ለሚሠራ ሹፌር ደግሞ ምክሩ ከሁለተኛው ቀን በኋላ አይሠራም።

## ወደፊት የሚለወጥ ነገር

የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሲሄዱ ሹፌር የሚቆምበት ቦታና ጊዜ መለወጡ አይቀርም። ነዳጅ ለመቅዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ባትሪ መሙላት ግን በፈጣኑ መሙያ እንኳን ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በአውሮፓ ለጭነት መኪና የሚታሰቡ መሙያዎች ከ45 ደቂቃው የግዴታ እረፍት ጋር እንዲገጣጠሙ የሚሞከረው ለዚህ ነው። ከተሳካ ምሳ የሚበላበት ጊዜ ከሥራው ሰዓት ጋር መሻማቱን ይተዋል። ለከተማ ታክሲ ሹፌርም ሲሞላ የሚቆምበት ጊዜ ተረጋግቶ የሚበላበት ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። መሙያው ያለበት ቦታ ጥቂት ከሆነ፣ ምግብ የሚሸጠውም አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሹፌሩ ለግማሽ ሰዓት የትም መሄድ የማይችል ገዢ ይሆናል። የሚሞላበት ጊዜ ካልተከፈለውም የምሳው ሰዓት በሙሉ የሚታሰበው በእሱ ነው። መሙያዎቹ ገና በመሠራት ላይ ናቸው። አጠገባቸው ንጹህ ውሃ፣ ሽንት ቤትና ከአንድ በላይ ምግብ ሻጭ እንዲኖር ቦታውን በሚያከራየው ውል ውስጥ አሁን መጻፍ ይቻላል። ከተሠሩ በኋላ ግን ውሉን የያዘው ነጋዴ ተፎካካሪ ጎኑ እንዲገባ የሚስማማበት ምክንያት አይኖረውም።